አሜሪካ ውስጥ ሆኖ ስታተስ ቀይሮ የልውውጥ ተማሪ መሆን፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አሜሪካ በሌላ ቪዛ ከገቡ በኋላ «እዚሁ ሆኜ ልማር ብል እችላለሁ?» ብለው የሚጠይቁ ብዙ ናቸው። አጭሩ መልስ፦ ብዙ ጊዜ ይቻላል። ፎርሙን መሙላትም ያን ያህል አያስቸግርም። ሰው የሚቸገረው ቀኖቹ ላይ ነው፤ የትኛው ከየትኛው ይቀድማል፣ የትኛው ቀን ካለፈ ነገር ይበላሻል የሚለው ላይ። እዚህ የሰበሰብናቸው ጥያቄዎችም አብዛኞቹ ዞረው ዞረው እዚያው ይደርሳሉ።

ቪዛና ስታተስ አንድ አይደሉም እንዴ?

አይደሉም። ቪዛ ፓስፖርት ላይ የሚለጠፈው ነው፤ አሜሪካ በር ላይ ቀርቦ «ልግባ» ለማለት ያገለግላል። ስታተስ ደግሞ ከገቡ በኋላ በምን ሁኔታ እንደሚቆዩ የሚወስነው ነው፦ በጎብኚነት፣ በተማሪነት ወይም በሠራተኛ ቤተሰብነት። ቪዛ የሚሰጠው ኤምባሲ ነው። ስታተስ የሚቀይረው አገር ውስጥ ያለው ኢሚግሬሽን፣ ማለትም የዜግነትና የኢሚግሬሽን አገልግሎት መሥሪያ ቤቱ (ዩኤስሲአይኤስ) ነው።

እስከ መቼ መቆየት እንደሚችሉ የሚናገረው አይ-94 የሚባለው መዝገብ ነው። ኤርፖርት ሲገቡ ይመዘገባል። ከድንበር ጠባቂው መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ በፓስፖርት ቁጥርዎ አውጥተው ማተም ይችላሉ። ቪዛው ገና ዓመት ቢቀረውም አይ-94ቱ ስድስት ወር ካለ የሚቆዩት ስድስት ወር ብቻ ነው። «ቪዛዬ አልተቃጠለም እኮ» ብለው ተዝናንተው ሳለ ስታተሳቸው ያለፈባቸው ሰዎች ጥቂት አይደሉም። ዛሬውኑ አውጥተው ይዩት።

የልውውጥ ተማሪ ለመሆን ጄ-1 ነው ወይስ ኤፍ-1 የሚያስፈልገኝ?

በሕጉ ዓይን የልውውጥ ተማሪ የሚባለው ጄ-1 ነው። ጄ-1 ደግሞ በራስ ፍላጎት ብቻ የሚገባበት አይደለም። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የመረጠው ስፖንሰር ያስፈልጋል፤ ዩኒቨርሲቲው ራሱ ሊሆን ይችላል። ስፖንሰሩ ዲኤስ-2019 የሚባለውን ወረቀት ካልሰጠዎ ነገሩ አይጀመርም። ለኮሌጅ ተማሪዎች አንድ ተጨማሪ ቅድመ ሁኔታ አለ፦ ወይ ሁለት ትምህርት ቤቶች ወይም መንግሥታት የተፈራረሙት የልውውጥ ስምምነት መኖር አለበት፣ ወይ የወጪው ከፍተኛ ድርሻ ከእርስዎና ከቤተሰብዎ ኪስ ውጭ ከሆነ ምንጭ መምጣት አለበት። ስኮላርሺፕ፣ የመንግሥት ድጋፍ፣ የዓለም አቀፍ ድርጅት ገንዘብ ሊሆን ይችላል። ዲግሪ ሳይሰጥበት ለሚማር የልውውጥ ተማሪ ጊዜው እስከ 24 ወር ነው።

ኤፍ-1 ከዚህ ይለያል። በአሜሪካ የአገር ውስጥ ደኅንነት ሚኒስቴር የተማሪዎች ፕሮግራም ዕውቅና ያለው ትምህርት ቤት ከተቀበለዎትና አይ-20 የሚባለውን የተማሪነት ወረቀት ከሰጠዎት፣ በራስዎም በአጎትዎም ገንዘብ መማር ይችላሉ። ስለዚህ «ልውውጥ» እያሉ የሚጠይቁን ብዙዎቹ ነገሩ ሲታይ መንገዳቸው ኤፍ-1 ነው። አገር ቤት የሚማሩበት ዩኒቨርሲቲ ከአሜሪካው ጋር ስምምነት ካለው ግን ጄ-1ን ይጠይቁ፤ በስምምነቱ መሠረት የትምህርት ክፍያውን እዚያው ለራስዎ ዩኒቨርሲቲ የሚከፍሉበት ፕሮግራም ሊኖር ይችላል።

በቱሪስት ቪዛ ነው የገባሁት። መቀየር እችላለሁ?

ይችላሉ፤ ሦስት ነገር ከተሟላ። በሕጋዊ መንገድ ተፈትሸው የገቡ መሆን አለብዎ። ማመልከቻው ኢሚግሬሽን በሚደርስበት ቀን አይ-94ዎ ያላለፈ መሆን አለበት። እስከዚያ ድረስም የገቡበትን ሁኔታ ያልጣሱ መሆን አለብዎ፤ ለምሳሌ ሥራ ያልሠሩ።

ከዚህ ሌላ በወረቀት የማይለካ ነገር አለ፦ ሐሳብዎ። መኮንኑ «ይህ ሰው ድሮውንም ሊማር መጥቶ ነው፣ ቱሪስት ነኝ ያለው ለመግባት ብቻ ነው» ብሎ ሊጠረጥር ይችላል። የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴሩ የ90 ቀን መመሪያ አለው። በገቡ በ90 ቀን ውስጥ ከቪዛቸው ጋር የማይሄድ ነገር የሚያደርጉ ሰዎች ሲገቡ አልዋሹም ወይ ብሎ የሚጠይቅ ነው። ኢሚግሬሽኑ በዚህ መመሪያ ባይገደድም ቀኖቹን ማየቱ አይቀርም። በገቡ በሳምንቱ ማመልከቻ ማስገባት ጥሩ አይደለም። ከማመልከቻው ጋር ሐሳብዎ ለምን እንደተቀየረ የሚያስረዳ አጠር ያለ ደብዳቤ ያያይዙ። ምን ተፈጠረ? ትምህርቱን መቼ ሰሙ? ሲጨርሱስ ምን ያደርጋሉ? እውነቱን በቀን በቀን ያስቀምጡ። ረጅም ልመና አያስፈልግም።

ማመልከቻውን አስገብቼ መልስ እስኪመጣ ክፍል ልጀምር?

በቱሪስትነት ላይ ካሉ፣ በፍጹም። ደንቡ ግልጽ ነው፦ ቢ-1 ወይም ቢ-2 ያለው ሰው ስታተሱ ሳይጸድቅ ትምህርት ከጀመረ ስታተሱን ጥሷል። ጥሰቱ ደግሞ ራሱን የተማሪነት ማመልከቻውን ያስከለክላል። የትምህርት ቤቱ ሰው «ችግር የለውም፣ ጀምር» ቢልዎትም እንኳ አይጀምሩ። ሴሜስተር ቢያመልጥዎ ሌላ ሴሜስተር ይመጣል።

ሌሎቹ ይለያሉ። ኤች-4፣ ኤል-2 እና ጄ-2 የሆኑ፣ ማለትም በሥራ ቪዛ ወይም በጄ-1 የመጣ ሰው የቤተሰብ አባላት ስታተስ ሳይቀይሩም መማር ይችላሉ። ኤፍ-2 (የኤፍ-1 ተማሪ ቤተሰብ) የሆነ ጎልማሳ በፓርት ታይም ይማራል፤ ሙሉ ሰዓት ለመማር ግን ኤፍ-1 መሆንና እስኪጸድቅ መጠበቅ አለበት።

ጭራሽ መቀየር የማይፈቀድላቸው አሉ?

አሉ። በትራንዚት ቪዛ ያለፉ፣ የመርከብና የአውሮፕላን ሠራተኞች፣ በእጮኛ ቪዛ (ኬ-1) የገቡ፣ ያለ ቪዛ በሚገባበት ፕሮግራም የገቡ። ኤም-1 የሚባለው የሙያ ተማሪም ወደ ኤፍ-1 አይቀየርም። የሁለት ዓመት ግዴታ ያለባቸው ጄ-1ዎችም ችግር አለባቸው፤ እሱን ከታች ለብቻው አይተነዋል።

ከየት ልጀምር? ቅደም ተከተሉ ምንድን ነው?

መጀመሪያ ትምህርት ቤቱ ይቀበልዎት። ሲያመለክቱ «አሜሪካ ውስጥ ነኝ፣ ስታተስ ነው የምቀይረው» ብለው ለውጭ ተማሪዎች ቢሮ ይንገሩ። ይህን የሚዘነጋ ሰው ከውጭ ለሚመጣ ተማሪ የሚሰጠውን አይ-20 ተቀብሎ ይመለሳል።

አይ-20ው እጅዎ ሲገባ በጥሞና ያንብቡት። ከላይ በኩል በኤን ፊደል የሚጀምር ቁጥር አለ፤ የሴቪስ (መንግሥት የውጭ ተማሪዎችን የሚከታተልበት መዝገብ) ቁጥርዎ ነው፣ ከዚህ በኋላ ሁሉም ነገር በእሱ ይሄዳል። ስምዎ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ነው ወይ? የአባት ስም ቦታ ላይ የአያት ስም ገብቶ፣ አንድ ፊደል ተዛንፎ የሚመጣ አይ-20 ብዙ ነው። ወረቀቱ የወጣበት ምክንያት በተጻፈበት መስመር ላይ ስታተስ ለመቀየር መሆኑ መጠቀስ አለበት። የትምህርቱ መጀመሪያ ቀንና የዓመቱ ወጪ ግምትም እዚያው ላይ አሉ። የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ፈርሞበታል? እርስዎስ ፈርመዋል? ያልተፈረመ አይ-20 ተልኮ የተመለሰበት ሰው ሁለት ወር ይከስራል።

ከዚያ የሴቪስ ክፍያውን ይከፍላሉ፤ ደረሰኙን ያትማሉ። ከዚያ አይ-539 የሚባለውን ማመልከቻ ለኢሚግሬሽን ያስገባሉ። አይ-20 ወይም ዲኤስ-2019፣ የሴቪስ ደረሰኝ፣ አይ-94፣ የፓስፖርት ኮፒ፣ የገንዘብ ማስረጃና ደብዳቤው አብረው ይሄዳሉ። የትዳር ጓደኛና ልጆች አብረው የሚቀየሩ ከሆነ ለእያንዳንዳቸው አይ-539ኤ ይሞላል፣ የየራሳቸው አይ-20ም ያስፈልጋል። ኦንላይን የሚያስገቡ ከሆነ ደረሰኙ ወዲያው አካውንትዎ ላይ ይታያል። ያ ደረሰኝ ላይ ያለው የተቀባይነት ቀን ነው አይ-94ዎ ሳያልፍ ማስገባትዎን የሚመሰክርልዎት።

ስንት ይፈጃል?

የሴቪስ ክፍያ ለኤፍ-1 350 ዶላር፣ ለጄ-1 ተማሪ 220 ዶላር ነው። የአይ-539 ክፍያ በ2024 በወጣው ዝርዝር መሠረት ኦንላይን ሲሆን 420፣ በወረቀት ሲሆን 470 ዶላር ነው። በፊት የነበረው የ85 ዶላር የአሻራ ክፍያ ከ2023 ጀምሮ ቀርቷል። በወረቀት የሚልኩ ከሆነ ልብ ይበሉ፦ ከኦክቶበር 2025 መጨረሻ ወዲህ ኢሚግሬሽን ቼክና መኒ ኦርደር መቀበል አቁሟል። በካርድ ወይም ከባንክ ሂሳብ በቀጥታ ነው የሚከፈለው። የክፍያ ዝርዝሩ ስለሚቀያየር በሚያስገቡበት ቀን የመሥሪያ ቤቱን ገጽ ከፍተው ያረጋግጡ። የተሳሳተ ክፍያ ያለበት ማመልከቻ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል። በመሃል አይ-94ዎ ካለፈ ደግሞ ጉዱ ፈላ።

ባንክ ውስጥ ስንት ብር ማሳየት አለብኝ?

መለኪያው አይ-20ው ወይም ዲኤስ-2019ው ላይ የተጻፈው ወጪ ነው። የትምህርት ክፍያ፣ መኖሪያና ምግብ ተደምሮ ለመጀመሪያው ዓመት (ፕሮግራሙ ከዓመት ካነሰ ለዚያው ጊዜ) የሚበቃ ገንዘብ መኖሩን ያሳያሉ። ስፖንሰር የሚያደርግዎ ዘመድ ከሆነ የእሱ ባንክ ስቴትመንት፣ የደመወዝ ማስረጃና «እከፍልለታለሁ» የሚል የተፈረመ ደብዳቤ ያስፈልጋል።

አንድ ነገር ግን ሁሌም ዓይን ውስጥ ይገባል። ሂሳቡ ስድስት ወር ሙሉ ባዶ ሆኖ ከርሞ ማመልከቻው ሊገባ ሲል 30,000 ዶላር ድንገት ዱብ ካለበት መኮንኑ ከየት መጣ ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ገንዘቡ ከዕቁብ፣ ከቤት ሽያጭ ወይም ከብድር የመጣ ከሆነ ምንጩን የሚያሳይ ወረቀት ከመጀመሪያው ያያይዙ። «ሲጠይቁኝ አሳያለሁ» ማለት ጊዜ ያስበላል።

ሰነዶቼ በአማርኛ ናቸው። ምን ላድርግ?

እያንዳንዱ ሰነድ ሙሉ የእንግሊዝኛ ትርጉም ሊኖረው ይገባል። ተርጓሚው ሁለቱን ቋንቋዎች እንደሚያውቅና ትርጉሙ ትክክልና ሙሉ መሆኑን ጽፎ ይፈርማል። የግድ ኖታሪ አያስፈልገውም። የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ያለበት የልደት ወይም የጋብቻ ሰርተፊኬት ከሆነ ቀኑ በትክክል ወደ ፈረንጅ መቀየሩን ራስዎ ያጣሩ፤ ዓመቱ ሰባት ወይስ ስምንት ይጨመርበታል የሚለው የሚወሰነው በወሩ ነው። በልደት ሰርተፊኬቱና በፓስፖርቱ መካከል የአንድ ዓመት ልዩነት ሲታይ ነገሩ ለጥያቄ ይዳርጋል።

መልሱ እስኪመጣ አይ-94ዬ ቢያልፍስ?

በጊዜው አስገብተው ከሆነ፣ ማመልከቻው እስኪወሰን ድረስ አገር ውስጥ መጠበቅ ይችላሉ። በፊት ወደ ኤፍ-1 የሚቀይር ሰው ትምህርቱ እስኪጀምር ያለውን ክፍተት ለመሙላት የቱሪስት ስታተሱን ደጋግሞ ማራዘም ነበረበት። ያ በጁላይ 2021 ቀርቷል። አሁን የሚፈለገው በሚያስገቡበት ቀን ስታተስ ላይ መሆንዎ ነው።

ውሳኔው ወራት ሊወስድ ይችላል። የትምህርቱ መጀመሪያ ቀን መልስ ሳይመጣ ከደረሰ ለትምህርት ቤቱ ይንገሩ፤ ቀኑን ወደሚቀጥለው ሴሜስተር አዛውሮ አዲስ አይ-20 ያወጣልዎታል። ይህን የሚያስታውስልዎ የለም፣ ራስዎ ነዎት መከታተል ያለብዎት። ዝም ካሉ የሴቪስ መዝገብዎ ሊሰረዝ ይችላል። የተሰረዘ መዝገብ ያለው ማመልከቻ ደግሞ አይጸድቅም።

ለሚቸኩል ሰው የፍጥነት አገልግሎት አለ። ከ2023 ጀምሮ ወደ ኤፍ፣ ኤምና ጄ ለሚቀይሩ ተከፍቷል፤ አይ-907 በሚባል ፎርም ይጠየቃል። ተጨማሪ ክፍያው ከማመልከቻው ክፍያ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። በ30 የሥራ ቀን ውስጥ ምላሽ ይሰጣሉ። ምላሽ ማለት ግን ማጽደቅ ማለት አይደለም፤ ተጨማሪ ማስረጃ አምጡ የሚል ደብዳቤም ምላሽ ነው።

እየጠበቅኩ ሳለ አገሬ ደርሼ ልመለስ?

ከወጡ ማመልከቻውን እንደተዉት ይቆጠራል። ለቀብርም ይሁን ለሠርግ ልዩነት የለውም።

ከጸደቀ በኋላም ቢሆን ጉዳዩ አለ። የጸደቀው ስታተስዎ ነው እንጂ ፓስፖርትዎ ላይ የተማሪ ቪዛ የለም። አንዴ ከወጡ ለመመለስ ኤምባሲ ቀርበው የተማሪ ቪዛ መጠየቅ አለብዎ። ቆንስሉም ከዜሮ ነው የሚያይዎት።

ስለዚህ አንዳንድ ሰው ከመጀመሪያው ወጥቶ ኤምባሲ ማመልከቱ ይሻለዋል። የእኛ አስተያየት እንዲህ ነው፦ ፕሮግራሙ አንድ ሴሜስተር ወይም አንድ ዓመት ብቻ ከሆነ፣ ስታተስ ቀየራ ራሱ ግማሹን ጊዜ ሊበላው ይችላል፤ ወጥቶ በቪዛ መግባት ብዙ ጊዜ ይቀላል። የአራት ዓመት ዲግሪ ከሆነና በመሃል ለመውጣት ካላሰቡ ግን እዚሁ መቀየሩ ያስኬዳል። በቪዛ ከተከለከሉ ውጭ እንደሚቀሩም አይርሱ። ይህን አደጋ ማንም ሊመዝንልዎ አይችልም።

የጄ-1 የሁለት ዓመት ግዴታ የሚሉት ምንድን ነው?

አንዳንድ ጄ-1ዎች ሲጨርሱ ወደ አገራቸው ተመልሰው ሁለት ዓመት መቆየት አለባቸው። ያን ሳይፈጽሙ ግሪን ካርድ፣ ኤች-1ቢ ወይም ኤል የሥራ ቪዛ ማግኘት አይችሉም። አሜሪካ ውስጥ ሆነው ስታተስ መቀየርም ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር ዝግ ነው። ግዴታው የሚመጣው በሦስት ምክንያት ነው፦ ፕሮግራሙን የአሜሪካ ወይም የአገርዎ መንግሥት ገንዘብ ከደገፈው፣ የሚማሩት ሙያ ለአገርዎ በወጣው የሙያዎች ዝርዝር ውስጥ ካለ፣ ወይም የሐኪሞች ድኅረ ምረቃ ሥልጠና ከሆነ። የሙያዎቹ ዝርዝር በዲሴምበር 2024 ታድሷል። ዲኤስ-2019ው ላይ ከታች በኩል ምልክት የሚደረግበት ሳጥን አለ፤ ከመፈረምዎ በፊት ይዩት። ስኮላርሺፕ ተገኘ ብሎ ደስታ ውስጥ ያለ ሰው ይህን ሳጥን አያየውም፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ሲያገባ ነው ትዝ የሚለው። ግዴታው እንዲነሳ ማመልከት ይቻላል፤ ግን ረጅም መንገድ ነው።

እየተማርኩ መሥራት እችላለሁ?

ግቢ ውስጥ፣ ትምህርት ባለበት ጊዜ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት። ጄ-1 ከሆኑ ለዚህም የስፖንሰሩን የጽሑፍ ፈቃድ ይዘው ነው። ኤፍ-1 በመጀመሪያው የትምህርት ዓመት ከግቢ ውጭ አይሠራም። በቱሪስትነት ላይ ካሉ ማመልከቻው ሳይጸድቅ ምንም ዓይነት ሥራ የለም፤ በካሽ የሚከፈልም፣ ኡበርም፣ ሞግዚትነትም። ኤፍ-1ዎ ትምህርቱ ከመጀመሩ ከ30 ቀን በላይ ቀደም ብሎ ከጸደቀም የተማሪ ደንብ የሚይዝዎት ከጸደቀበት ቀን ጀምሮ ነው።

የጤና መድን ግዴታ ነው?

ለጄ-1 በሕግ ግዴታ ነው። ለአንድ ሕመም ወይም አደጋ ቢያንስ 100,000 ዶላር የሚሸፍን፣ ከኪስ የሚቀነሰው ከ500 ዶላር ያልበለጠ፣ ለሕክምና ወደ አገር ለመመለስ 50,000፣ ለአስከሬን መመለስ 25,000 ዶላር ያለው መሆን አለበት። ለኤፍ-1 የፌዴራል ግዴታ የለም፤ ትምህርት ቤቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ያስገድዳል።

ልጄ ሊጠይቀኝ መጥቶ ነው። ሃይስኩል ላስገባው?

በቱሪስትነት እያለ አይሆንም። በኤፍ-1 የሕዝብ ሃይስኩል መማር የሚቻለው ቢበዛ 12 ወር ነው፤ ያውም ሙሉ ወጪውን ለትምህርት ቤቱ አስተዳደር ከፍሎ። ከሃይስኩል በታች የሕዝብ ትምህርት ቤት በኤፍ-1 አይፈቀድም። የግል ትምህርት ቤት ይህ ገደብ የለበትም። የጄ-1 የሃይስኩል ልውውጥ ከ15 እስከ 18 ዓመት ተኩል ላሉ ልጆች ነው፤ ልጁን ከአገሩ መልምሎ ከተቀባይ ቤተሰብ ጋር የሚያስቀምጥ ስፖንሰር ነው የሚያካሂደው። እዚህ ዘመድ ቤት ላለ ልጅ የታሰበ አይደለም።

ቢከለክሉኝስ?

ይግባኝ የለውም። አይ-290ቢ በሚባል ፎርም በ30 ቀን ውስጥ ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ መጠየቅ ይቻላል። አይ-94ዎ ካለፈ ግን ከተከለከሉበት ማግስት ጀምሮ ያለ ፈቃድ የቆዩበት ቀን መቆጠር ይጀምራል። ከ180 ቀን በላይ ቆይተው ከወጡ ሦስት ዓመት፣ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነ አሥር ዓመት መመለስ ይከለከላሉ። ከ2025 መጀመሪያ ወዲህ ደግሞ ስታተስ ሳይኖረው የተከለከለ ሰው ወደ ኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት መጥሪያ ሊደርሰው ይችላል። ስለዚህ ክልከላው እንደደረሰዎት ወይ ቶሎ ይውጡ፣ ወይ በዚያው ሳምንት ጠበቃ ያናግሩ።

ፎርም ሞልቶ የሚያስገባልኝ ሰው አግኝቻለሁ። ልስጠው?

ፎርም ላይ የነገሩትን ብቻ የሚጽፍልዎ ሰው ችግር የለውም። የትኛውን ስታተስ ልጠይቅ፣ ምን ብዬ ልመልስ የሚለውን ምክር ግን መስጠት የሚችለው ጠበቃ ወይም የፍትሕ ሚኒስቴሩ ዕውቅና የሰጠው ወኪል ብቻ ነው። «ውስጥ ሰው አለኝ» የሚል ካጋጠመዎ ይራቁ። «እርግጠኛ ነኝ ይጸድቃል» የሚልም እንዲሁ። የሚያስገባውን ፎርም ሙሉ ኮፒ ከመፈረምዎ በፊት ይጠይቁ። ኦንላይን አካውንቱም በእርስዎ ኢሜይልና ስልክ ይከፈት፤ በሰውዬው ኢሜይል ከተከፈተ ተጨማሪ ማስረጃ የሚጠይቀው ደብዳቤ የሚደርሰው እሱ ጋ ነው።